ከስሙ ሥር የነበረው መስመር

በአካባቢ ጥበቃ ሥልጠናዎች ላይ አንድ ታሪክ ሲነገር ሰምታችሁ ይሆናል። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ዳር የምትማር የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ በተከለከለ ጊዜ ሣር ያጨደችውን የገዛ እናቷን ስም በወረቀት ጽፋ ለመምህሯ ሰጠች ይባላል። የሚናገረው ሰው እዚህ ላይ ቆም ይልና «ትምህርት ልብ ሲለውጥ እንዲህ ነው» ይላል። አዳራሹም ያጨበጭባል።

ያ መምህር እኔ ነኝ። ታሪኩን መጀመሪያ በአደባባይ የተናገርኩትም እኔ ነኝ፤ ጭብጨባውን መጀመሪያ የተቀበልኩትም እኔ። የተናገርኩት ግን ግማሹን ነበር። የተውኩት ግማሽ እኔን የሚያስጠይቀው ነው፤ ዛሬ የምጽፈው እሱን ነው።

ጓሳን ላላየ ሰው ጥቂት ልናገር። ከታርማ በር ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ መንገዱ የሚያቋርጠው ሰፊ ውርጫማ ደጋ ነው። ከፍታው ከ3,200 ሜትር ይጀምራል፤ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሙን የወሰደው ከሚሸፍነው ሣር ነው። ጓሳ ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው፤ መንዜ ቤቱን ይከድንበታል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለግድግዳው ከጭቃ ጋር ያቦካዋል። ከሣሩ መሐል ጅባራ ቆሞ ይታያል፤ አስታም አለ። ከዚያ ደጋ ከሚፈልቀው ውኃ አንዱ ወደ ዓባይ፣ ሌላው ወደ አዋሽ ይወርዳል። ገደል ላይ የሚያድሩት ጭላዳዎች ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር ሲነጩ ይውላሉ፤ በመካከላቸው ቀይ ቀበሮ ይመላለሳል።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ሌላ በዓለም ላይ የትም የለም። በሁሉም ተራሮቻችን ያለው ተደምሮ፣ ለመራባት የደረሰው ከ500 ያነሰ ነው። ከግማሽ የሚበልጠው ባሌ ይኖራል፤ የቀረው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በወሎ ደጋዎችና በመንዝ ተበታትኗል። ጎጃም ጮቄ ላይ ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ጥበቃው ስሕተት ነበር ለማለት ይህን እንዳልጻፍኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ሣሩ መጠበቅ ነበረበት። የጓሳ ጠባቂዎች ሥራም ተገቢ ነበር። ነገሩ የተበላሸው እኔ እጅ ላይ ነው።

ጓሳን ቀድሞ የጠበቀው ደግሞ እንደ እኔ ያለ የተማረ ሰው አልነበረም። የመንዝ ሰው፣ አስቦና ጌራ ከሚባሉት አቅኚ አባቶች ጀምሮ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን አንሥቶ ሣሩን በራሱ ሕግ ሲዘጋና ሲከፍት ኖሯል። የየወገኑ አለቃ በሕዝብ ይመረጥ ነበር። ሜዳው ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ሣሩ መድረሱ ታይቶ ሲፈቀድ ሁሉም በየድርሻው ያጭድ ነበር፤ ከብቱ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር፣ በርስት ላይ የቆመው ይህ ሥርዓትም አብሮ ወደቀ፤ ጓሳም ለመጣ ሁሉ ክፍት ሆነ። ሰዉ ሣሩ ሲመናመን አይቶ እንደገና ተሰብስቦ፣ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ መልሶ ያቆመው በኋላ ነው። ዘለዓለም ተፈራ የተባለ ተመራማሪ የአባቶችን ሥርዓት በ1990ዎቹ መጀመሪያ አጥንቶ የዶክትሬት ጽሑፉን ሠርቶበታል። እኔ ግን እዚያው ጓሳ ዳር እያስተማርኩ ከዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር። ማወቅ አቅቶኝ አይደለም። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ በልጅነታቸው የጓሳን መዘጋትና መከፈት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ጨዋታ ይፈልጉ ነበር። እኔ የነገውን ትምህርት ልዘጋጅ እያልኩ ክፍሌ እገባለሁ።

የተመደብኩት በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። የከተማ ልጅ ነኝ፤ የተማርኩት ሳይንስ ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አቋቋምኩ፤ የክበቡን ግድግዳ በዋልያ፣ በቀይ ቀበሮ፣ በጭላዳና በደጋ አጋዘን ሥዕል አስጌጥኩ። ልጆቹ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ብርቅዬ የዱር እንስሳት» ተብለው ሲጠየቁ በአንድ ድምፅ ይዘረዝራሉ። እንግዳ ሲመጣ አዘረዝራቸዋለሁ። ከእነዚያ ልጆች አብዛኞቹ ከትምህርት መልስ በግ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ቀይ ቀበሮን በየቀኑ በቅርብ ያዩታል። እኔ እዚያ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ በደንብ ያየሁት ቀበሮ ቢኖር ከመኪና መስኮት ነው።

ልጅቷን ያወቅኋት በጎበዝነቷ ነው። ስሟን አልጽፍም፤ ራሷም እንድጽፈው አልፈቀደችም። አባቷ ሞቷል፤ ከእናቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ለክፍሉ «ስለ ቀይ ቀበሮ የምታውቁትን ጻፉ» አልኩ። ሌሎቹ ያስጠናኋቸውን ጻፉ። እሷ ያንን ከጻፈች በኋላ ከራሷ ጨመረችበት፦ «ቀይ ቀበሮ ከጭላዳ ጋር ይውላል። ጭላዳው አይሸሸውም። ጭላዳው ሣር ሲነጭ አይጥ ስለሚወጣ ቀበሮው ቶሎ ይይዛል።» በቀይ እስክሪፕቶ ሰረዝኩትና ጎኑ ላይ «ተረት አይጻፍም» ብዬ ጻፍኩ። ከአሥር ሙሉ ነጥብ ሁለት ቀነስኩባት።

በ2007 ዓ.ም. እዚያው ጓሳ ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። ቪቬክ ቬንካታራማንና ባልደረቦቹ ቀይ ቀበሮዎችን ተከታትለው አይጥ ለመያዝ ያደረጉትን ሙከራ መዘገቡ። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መሐል ሲያድን ከመቶው 67 ሙከራ ይሰምርለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ብቻ። ያን ባነበብኩ ጊዜ የሰረዝኩት ጽሑፏ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቆይቼ ወደ ጓሳ ሄጄ ሣሩ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ አየሁ። ቀበሮው በጭላዳዎቹ መሐል በእርጋታ ይራመዳል፤ ከእርምጃ የማይርቁት ጭላዳዎች ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ቀና ብሎ የሚያየው የለም። ድንገት ይቆማል። ጆሮዎቹን ወደ ፊት ያቀናል፣ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል፣ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ እግሩን አንድ አንድ እያነሣ ይጠጋል። ከዚያ ሁለት የፊት እግሮቹን ገጥሞ ይዘላል። አይጧን እንደያዘ እዚያው ቆሞ ይውጣታል፤ ጭላዳው ሣር መንጨቱን አላቋረጠም። ይህን ሁሉ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ልጅ በሦስት ዐረፍተ ነገር ጽፋልኝ ነበር።

የዚያ ጥፋት ግን ከሁለት ነጥብ አላለፈም። ወደ ዋናው ልሂድ።

ሣር ስርቆት በዝቷል ተባለ። ጠባቂዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሌሊት ታጭዶ ሌሊት ይጫናል። እኔ ለክበቡ ልጆች አንድ ነገር አወጅኩላቸው፦ በተዘጋው ክልል ሲያጭድ ወይም እንጨት ሲቆርጥ ያዩትን ሰው ስም በወረቀት ጽፎ ላመጣልኝ ደብተርና እስክሪፕቶ እሸልማለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ከጠባቂዎቹም ከኮሚቴውም ጋር አልተማከርኩም። የራሴ ሐሳብ ነበር፤ ኮርቼበታለሁ። ልጆቹ ሲያመነቱ ባይ ጊዜ ደግሞ፣ ጥፋት አይቶ የደበቀ ከአጥፊው እኩል ነው አልኳቸው። ይህን ያልኩት ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ነው። አባታቸውን፣ አጎታቸውን፣ የክርስትና እናታቸውን ለሚያውቁ ልጆች፤ ከእነዚያ ሌላ የሚያውቁት ሰው በሌለበት ቀበሌ።

ወረቀት መምጣት ጀመረ። እኔ መዝገብ አዘጋጀሁ፤ በማስመሪያ ዓምድ አሰመርኩለት፦ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ቀን፣ ቦታ። ወረቀቶቹን እየገለበጥኩ ለጠባቂዎቹ እሰጣለሁ። ልጆቹ ማን እንደ ጻፈ አይታወቅም ብዬ ቃል ገብቼላቸው ነበር፤ ግን በዚያ ቀበሌ የማይታወቅ ነገር የለም።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል ልጅቷ ትምህርት አብቅቶ ሁሉም ሲወጣ ወደኋላ ቀረች። ከሒሳብ ደብተሯ የተቀደደ፣ ባለ ካሬ ወረቀት አራት ቦታ አጥፋ ሰጠችኝ። ዓይኔን ሳታይ ወጣች። ስከፍተው የአንዲት ሴት ስም ከነአባቷ ተጽፏል። በእኛ አገር የእናት ስም ከልጅ ስም ጋር ስለማይሄድ ስሙን አይቼ የማን እናት እንደሆነች ላውቅ አልችልም ነበር። አላወቅሁም ብል ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን ልጅቷ ከስሙ ጎን «እናቴ» ብላ ጽፋለች። ከስሙ ሥር ደግሞ ሌላ መስመር ነበረ፦ «ቤታችን ያፈሳል። ክረምት መጣ።»

ሁለቱንም አነበብኩ። መዝገቡን አወጣሁ። ስሟን ጻፍኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፤ ቦታውን ጻፍኩ። ከስሙ ሥር ያለውን መስመር የምጽፍበት ዓምድ አልነበረኝም፤ ዓምዱን ያሰመርኩት ራሴ ነኝ። የልጅቷን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማኝ ደጋግሜ ራሴን ጠይቄያለሁ፤ እውነቱን ከተናገርኩ ደስ ብሎኛል። ትምህርቴ ሠራ አልኩ። ልጅ ከእናቷ ይልቅ ቀበሮውን መረጠች አልኩ፤ ይህ ደግሞ ትልቅ ነገር መስሎ ታየኝ።

ጠባቂዎቹ በማግስቱ ሄደው ከቤቱ ጀርባ የተከመረውን ሣር አገኙት። ሣሩ ተወረሰ፤ ማጭዷም ተወሰደ፤ ቅጣትም ተጣለባት። ደንቡ ነው። ቅጣቱን ለመክፈል አንዲት በግ ሸጠች። ለመንዝ ሰው በግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ ወተቱም ሥጋውም ሳይሆን ጠጉሩ ነው፤ ባናው፣ ዝተቱ፣ የልጅ ልብሱ ከእሱ ነው የሚወጣው። በዚያ ክረምት ጣሪያው ሳይከደን ከረመ። ልጅቷ ለሽልማቱ ስጠራት ደብተሩን ተቀበለችና ጠረጴዛዬ ላይ መልሳ አስቀምጣው ሄደች። ዓይናፋርነት ነው አልኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ አካባቢ ትምህርት ስብሰባ ተደረገ። ከየትምህርት ቤቱ የመጣን መምህራን ነበርን፤ ከውጭ የመጡ እንግዶችም ነበሩ። ልምዳችሁን አካፍሉ ሲባል እጄን አወጣሁ። ስሟን ሳልጠራ፣ የተጎዳውን ጣሪያ ሳልጠራ፣ ሥር የነበረውን መስመር ሳልጠራ ተናገርኩ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። አንድ እንግዳ ወደ እኔ መጥቶ እጄን ጨብጦ ታሪኩን በሪፖርቱ ላይ እንደሚያስገባው ነገረኝ፤ አስገባውም። ኪሴ ውስጥ ያን ቀንም ወረቀቱ ነበረ። በአንድ አረፍተ ነገር ልጨምረው እችል ነበር። ጭብጨባው እንደሚቀንስ ስለማውቅ አልጨመርኩትም።

ስመለስ ቀበሌው ተለውጧል። መጀመሪያ አልገባኝም። ጠላ ቤት ስገባ ጨዋታ ይቋረጣል። የክበቡ ልጆች በጎረቤት ደጃፍ ሲያልፉ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው «ሰባቂ» እየተባባሉ ይጣላሉ። አንዲት እናት ልጇን ከክበቡ ለማስወጣት ስትመጣ «ልጄን ጆሮ ጠቢ አላደርግም» አለችኝ። እኔም ስለ አካባቢ ጥበቃ ግንዛቤ የላቸውም ብዬ ለአለቃዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ልጅቷ በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። አክስቷ ዘንድ ሄዳለች ተባለ። ከክፍሉ አንደኛ የወጣችን ልጅ ለምን እንደቀረች እቤቷ ሄጄ አልጠየቅሁም።

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ነው የጥፋቴን ሌላ ፊት ያሳየኝ፤ የሰማሁት ግን ከዓመታት በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የአንድ ቤት ውሻ አበደ። ከማበዱ በፊት ከእረኞች ጋር ጓሳ ላይ ሰንብቶ ነበር። ምራቁን ማዝረብረብ ሲጀምር ወንዶቹ በዱላ ገድለው ቀበሩት። ለእንስሳት ጤና አልተነገረም፤ ለጠባቂም አልተነገረም። ውሻ ይዞ ጓሳ መግባት ያስቀጣል ብለው ፈሩ፤ «ለመምህሩ ልጆች ጆሮ እንዳይደርስ» ተባብለው ዝም አሉ።

ስለ ቀይ ቀበሮ ትንሽ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ይህን እንስሳ በአንድ ወቅት ጠራርጎ ሊያጠፋው የሚችለው ከሁሉ በላይ የውሻ በሽታ ነው። በ1983 እና 84 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ከቀበሮዎቹ ከግማሽ በላይ ገደለ፤ በ1996 ዓ.ም. እንደገና መጥቶ ብዙ መንጋ ፈጀ። ሁለቱም ጊዜ የመጣው ከመንደር ውሻ ነው። ቀይ ቀበሮ በመንጋ የሚኖር፣ ቡችሎቹን በጋራ የሚመግብ ስለሆነ አንዱ ከተነከሰ በሽታው ወደ ሁሉም ይደርሳል። መከላከያው ውሾችን ማስከተብ ነው፤ ከዚያም አንድ ውሻ ጠባዩ ሲለወጥ በዚያው ቀን መናገር። የሚናገረው ደግሞ እረኛው ነው፤ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ልጁ ነው። ጓሳ ዳር ባለ መንደር ሰው የታመመ ውሻውን ለጠባቂ ሮጦ እንዲነግር ከሁሉ በፊት ጠባቂውን ሊያምነው ይገባል። እኔ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ለልጆቹ አንድ ቀን እንኳ አላስተማርኩም። ያስተማርኳቸው ስም መጻፍ ነው። ሣሩን ላድን ብዬ ቀበሮው የሚድንበትን አፍ ዘጋሁ።

የውሻውን ነገር የነገሩኝ የቀድሞ አከራዬ ናቸው። ከመንዝ ተዛውሬ ከሄድኩ በኋላ ለለቅሶ ተመልሼ እሳቸው ዘንድ አደርኩ። ያን ቀን እሳት ዳር ተቀመጥኩ። ስለ ጓሳ የድሮ ሥርዓት ጠየቅኋቸው፤ እስከ እኩለ ሌሊት አወሩኝ። ሹሙ እንዴት እንደሚመረጥ፣ ሳይፈቀድ ያጨደ ምን እንደሚደርስበት፣ ሜዳው ሲከፈት ሰዉ ከየአጥቢያው ማጭዱን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ። ቅጣቱ ከዛሬው የከፋ እንደነበረ ሲነግሩኝ እኔ ፈጠን ብዬ «እንግዲያው እኔም ያደረግሁት ይህንኑ አልነበረም አባቴ?» አልኳቸው። ለረጅም ጊዜ እሳቱን ቆሰቆሱ።

«አይደለም» አሉኝ። «እኛ የምንቀጣው ሰው ፊት ለፊታችን ቆሞ፣ አፉን ከፍቶ፣ ለምን እንዳደረገው ተናግሮ ነበር። ልጅ በእናቱ ላይ ምስክር ሲቆም ግን አይቼ አላውቅም። አንተ ያመጣኸው ነው። ደግሞስ ያቺ ሴት ባልዋ የሞተባት ናት። ጣሪያዋ እንደሚያፈስ ብትነግረን እኮ ቁጭ ብለን እናይላት ነበር። ማን ነገረን? ስም ብቻ ነው የመጣው።»

ከእሳቸው ቤት የሴትየዋ ቤት ሩቅ አልነበረም። ጠዋት ሄድኩ። ጣሪያው አሁን ቆርቆሮ ሆኗል። እትዬ ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ፤ አውቀውኝ ነበር፤ ግቡ አሉኝ፤ ቆሎ አቀረቡ። ወረቀቱን አወጣሁና ያቀረብኩት ስማቸውን ብቻ እንደሆነ፣ ሥር የተጻፈውን አይቼ እንደተውኩት፣ ደብረ ብርሃን ላይም በእሳቸው ታሪክ እንደተጨበጨበልኝ ተናገርኩ። እንባ አነቀኝ። እሳቸው አላለቀሱም። ፊደል ስለማይለዩ ወረቀቱን አንብቡልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። ሁለተኛውን መስመር ስጨርስ እንደገና አንብቡት አሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲያስነብቡኝ ገባኝ፤ ልጃቸው ያን መስመር መጻፏን እስከዚያ ቀን አያውቁም ነበር። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት የሚያውቁት ልጃቸው ስማቸውን መስጠቷን ብቻ ነው።

ይቅርታ ስጠይቅ «መምህር፣ እኔ ቤት መጥተው ቢያለቅሱ ምን ይረባኛል?» አሉ። «አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰምቶኛል አሉ እኮ። እዚያ የተናገሩትን እዚያው ይመልሱት።»

አዳራሹ ዛሬ የለም፤ የነበሩት ሰዎች ተበትነዋል። ሪፖርቱ የተጻፈበትን መሥሪያ ቤት አፈላልጌ ታሪኩ እንዲወጣ ወይም ሙሉው እንዲጻፍ በደብዳቤ ጠየቅሁ። ጊዜ ያለፈበት ሰነድ ነው ተባልኩ። ታሪኩ ግን አላረጀም። በቅርቡ አንድ ወጣት አሠልጣኝ እኔ ራሴ በተቀመጥኩበት ስብሰባ ላይ ተናገረው፤ እንዲያውም ልጅቷ እናቷን እያለቀሰች ወደ ኮሚቴው እንደወሰደቻት ጨምሮበት። ተነሥቼ ማስተካከል ነበረብኝ፤ ጉልበቴ ከዳኝና ሻይ ዕረፍት ላይ ብቻዬን ይዤው ነገርኩት። ይህም ሌላ ዕዳ ሆነብኝ። ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ያጨበጨባችሁ፣ ታሪኩን ለክበባችሁ ልጆች የነገራችሁ፣ በሥልጠና ጽሑፋችሁ ያስገባችሁት ሁሉ እንድታነቡት ነው። ልጅን በቤተሰቡ ላይ ስም እንዲጽፍ የምታደርጉ መምህራን ካላችሁ ዛሬ አቁሙ። መዝገቡን ቅደዱት። ልጆቹን ወደ ሽማግሌዎቹ ውሰዷቸው፤ ከእረኞቹ ጋር ጓሳ ላይ አውሏቸው፤ ውሻ የሚከተብበትን ቀን ለየቤቱ እንዲነግሩ ላኳቸው። እኔ አሁን በማስተምርበት ቦታ የማደርገው ይህን ነው፤ ይህን ማድረጌ ግን ያኔ ያደረግሁትን አይክስም።

እናትየው የልጃቸውን ስልክ ሰጥተውኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ ከያዝኩ በኋላ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። በመጨረሻ ደወልኩ። ማንነቴን ስናገር «አወቅሁዎት ቲቸር» አለችኝ። ስለ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው የጻፈችው ልክ እንደነበረ፣ ሊቃውንት መዝግበው እንዳሳተሙት ነገርኳት፤ «እሱንማ እረኛ ሁሉ ያውቀዋል» አለች። ቀጥዬ ዋናውን ነገርኳት፤ ልጽፈው እንደምፈልግም። ስሟና ያለችበት እንዳይጠቀስ አስጠነቀቀችኝ፤ የተቀረውን ፈቀደች። አንድ ነገር ግን እንድጨምር ጠየቀች።

«ለደብተሩ ብላ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ለደብተሩ አይደለም። እናቴ ስታጭድ ሰው አይቷት ነበርና ሌላ ልጅ ስሟን እንደሚያመጣልዎት አውቄያለሁ። ከሌላ ሰው ስሟን ብቻ ከሚያገኙ፣ እኔ ከነምክንያቱ ብጽፍ አንብበው ለኮሚቴው ይነግሩልናል፣ ሣሩም ይተውልናል ብዬ ነው። ይህን ይጻፉልኝ።»

ይቅርታዬን ትቀበል እንደሆነ ጠየቅኋት። «እሱን መጀመሪያ ከእናቴ ጋር ልነጋገርበት» አለችኝ። ስለዚህ ነገር ሁለቱ አንድ ቀን እንኳ ተነጋግረው አያውቁም ነበር።